መንገድ ሲጠፋ

ከአማርኛችን አነጋገሮች አንዱ ዘወትር ያስደንቀኛል። በማያውቀው አገር አቅጣጫ የሳተ ሰው «ጠፋሁ» ከማለት ይልቅ «መንገድ ጠፋብኝ» ይላል። ነገሩን በሰዋስው ዐይን ስንመረምረው ጠፊው መንገዱ ነው፤ ሰውየውማ በቆመበት አለ፤ በሬው እንደ ጠፋበት ባለቤት ዙሪያውን ይፈልጋል። «ጠፋ» የሚለው ቃል በቀጥታ ለሰው የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ኰብልሎ ሲታጣ፣ ወይም ወዳጅ ከወዳጁ ተለይቶ ሲሰነብት ነው። «ምነው ጠፋህ?» የሚባለው ሰው በዘመኑ አንድም ቀን መንገድ ስቶ አያውቅ ይሆናል፤ የጠፋው ከጠያቂው ዐይን ነው።

ይህ አነጋገር ቃል በቃል እውነት ሆኖ ያየሁት በአባቴ ነው።

አባቴ ጡረታ የወጡ ፊደል ለቃሚ ናቸው። ዶሮ ማነቂያ በሚባለው የፒያሳ ሰፈር ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖረዋል። በ2016 ዓ.ም. በአካባቢው የነበሩት አሮጌ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ከብዙ ጎረቤቶቻቸው ጋራ ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ ኮንዶሚኒየም ተዛወሩ። የከተማ መታደስ የሚጠላ ነገር አይደለም፤ በክረምት ከሚያፈስ ቆርቆሮ ሥር ሳፋ ሲደቅን ያደገ ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል። እኔም ከነዚያ ልጆች አንዱ ነበርሁና ናፍቆቴን ከልኩ አላሳልፈውም።

ዳሩ ግን አዲስ አበቤ ቤቱን የሚያመለክተው በመንገድ ስምና በቤት ቍጥር ሳይሆን በምልክት መሆኑን አንባቢዬ ያውቃል። «ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ»፣ «ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት»፣ «ከቦኖው ከፍ ብሎ» ይባላል። ከፍታና ዝቅታ ለዚህች ከተማ የአቅጣጫ ቃላት ናቸው፤ ምድሯ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከእንጦጦ ተነሥቶ 2,330 ሜትር ገደማ እስከ ሆነው እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ወደ ደቡብ እያዘቀዘቀ ይወርዳልና። «ወደ ሰሜን ሂድ» ብሎ መንገድ ያሳየኝ የከተማችን ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር 23 ቀን አባቴ እንደ ልማዳቸው በአራዳ ጊዮርጊስ አስቀድሰው ወጡ። ዕድሜያቸው ሰማንያን ቢጠጋም አእምሯቸው የተሟላ ነው፤ ይህን መግለጤ ነገሩ የእርጅና መዘንጋት መስሎት አንባቢ እንዳያዝን ብዬ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተው ቤቱ ከመፍረስ የተረፈለትን አንድ ልብስ ሰፊ ወዳጃቸውን ሊጠይቁ ቁልቁል ወረዱ። ጥቂት እንደ ሄዱም መንገዱ ጠፋባቸው። ጠባቡ መተላለፊያ በነበረበት ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተነጥፏል፤ ወፍጮ ቤቱም፣ የማዕዘኑ ጠጅ ቤትም፣ ቦኖውም የሉም።

ቆመው ሲያመነቱ አንድ ሊስትሮ አያቸው።

«አባባ፣ የት ሊሄዱ ነው?»

«ከቦኖው ከፍ ብሎ ነው ልጄ፤ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ።»

ልጁ ዙሪያውን ተመለከተ። «የቱ ቦኖ?» አለ። ከገጠር ከመጣ ዓመት ያልሞላው ነበርና፣ ሁለቱ በአንድ ስፍራ ቆመው እያንዳንዳቸው የሚያዩት ከተማ የተለያየ ነበር። ስልካቸውን ተቀብሎ ደወለልኝ። «እኚህ አባት መንገድ ጠፍቷቸዋል» ሲለኝ ከበስተኋላው የአባቴ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ «አልጠፋሁም በለው! ጊዮርጊስን እያየሁት ነው» ይላሉ።

ከመሥሪያ ቤቴ እስክደርስ ድረስ የሆነውን በኋላ ልጁ ነገረኝ። አባቴ መጀመሪያ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መለሱ። ቀጥሎ እንጦጦን ከጀርባቸው፣ የጊዮርጊስን ጉልላት ከቀኝ ትከሻቸው በስተኋላ አደረጉ። ከዚያም በከዘራቸው መሬቱን እየመቱ ቁልቁለቱ ወዴት እንደሚያደላ ለዩ። ቤት ይፈርሳል፣ አጥር ይነሣል፤ ቁልቁለቱ ግን ነበረ። ልጁን «ተከተለኝ» ብለው ርምጃ እየቈጠሩ ወረዱ።

ስደርስ ከአንድ አዲስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ይህ ማድ ቤታችን ነው» አሉኝ። አልተከራከርሁም። ማድ ቤቱ ከተገኘ ወዲያ የቀረው ቀላል ነበር፤ ቦኖውን በምናባቸው በስፍራው ተከሉት፣ ወፍጮ ቤቱንም አቆሙት፤ እኔንና ሊስትሮውን አስከትለው ማንንም ሳይጠይቁ ከልብስ ሰፊው ደጅ ደረሱ። ልብስ ሰፊው መነጽሩን ከፍ አድርጎ አያቸውና፣

«አንተ! ምነው ጠፋህ?» አላቸው።

ስለ አቅጣጫ ካነበብኋቸው ምርምሮች ሁለቱ ከዚህ ቀን ጋራ ተያይዘው ይታወሱኛል። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ ሰዎች በጀርመን ጫካና በቱኒዝያ በረሃ ቀጥ ብለው እንዲጓዙ ታዘው የተሞከረበት ነው። ፀሐይ ወይም ጨረቃ እስከ ታየቻቸው ድረስ አቅጣጫቸውን ጠበቁ፤ በተሸፈነችባቸው ጊዜ ግን ቀጥ ብለው የሚሄዱ እየመሰላቸው ዞረው የገዛ ዱካቸውን አቋረጡ። ሁለተኛው በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመው የሰሓራ ጉንዳን ጉዳይ ነው። ይህ ጉንዳን ምግብ ፍለጋ ከሄደበት የሚመለሰው ርምጃውን እንደ መቍጠር እያደረገ ነው። ተመራማሪዎቹ ምግቡ ዘንድ ከደረሰ በኋላ እግሮቹን በዐሣማ ጠጉር ቢያስረዝሙለት ጎጆውን አልፎ ሄዶ ይፈልግ ጀመር፤ እግሩን ያሳጠሩበት ደግሞ ገና ሳይደርስ ቆሞ ፈለገ።

የአባቴ እግር አልረዘመም፣ አላጠረምም፤ ቈጠራቸው ትክክል ነበር። የተነሣው ጎጆው ነው። ያ ተራራና ያ ጉልላት ባይታዩዋቸው ኖሮ ግን ቈጠራው ከየት እንደሚጀምር ባላወቁም ነበር።

የስልክ ካርታ እኮ አለ የሚለኝ ይኖራል። አለ፤ የዛሬውን ከተማ አሳምሮ ያሳያል፤ ቦኖውን ግን አያውቀውም። ስለዚህ እኔና አባቴ ደብተር ይዘን የሰፈሩን ምልክቶች በየተራቸው መጻፍ ጀምረናል፤ ቦኖው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ ከየትኛው ስንት ርምጃ ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል። መምህራንም ለተማሪዎቻቸው ከአያቶቻቸው ጋራ የሚሠሩት እንዲህ ያለ የቤት ሥራ ቢሰጡ ደስ ይለኛል። ሥራው ከሚመስለው በላይ ጊዜ ይወስዳል፤ በአንድ ወፍጮ ቤት ላይ ብቻ ሁለት እሑድ ተሟግተናል።

አባቴ አሁን በሚኖሩበት ሰፈር ሕንጻዎቹ ሁሉ እንደ መንታ ልጆች ናቸው። በየግድግዳው ላይ ትልልቅ ቍጥር ተጽፏል፤ እሳቸው ግን በቍጥሩ አይሄዱም። በሦስተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ ቀይ ብርድ ልብስ ከተሰጣበት ሕንጻ ቀጥሎ ያለው የእሳቸው ነው።

«ብርድ ልብሱ የተነሣ ዕለት በምን ሊያውቁት ነው?» አልኋቸው።

«ባለቤቲቱን አውቃታለሁ» አሉኝ፤ «ስወጣ ስገባ፣ ደህና ዋሉ ሳትለኝ አትቀርም።»