ካባ ስንቆፍር

በአርሲ ደጋ ለቤት መሠረት፣ ለትምህርት ቤትና ለመንገድ ድንጋይ ይፈለጣል። እኔ ከማስተምራቸው ሰዎች ብዙዎቹ ቀን ካባ ውለው ማታ ፊደል ይቆጥራሉ።

አንድ ማታ አንድ አባት ጥቁር የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ከኪሳቸው አወጡ። ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለት አለው።

«ልጄ፣ ይህ ምንድነው?»

«ባልጩት ነው፣ አባባ።»

«ባልጩትነቱንማ መች አጣሁት! ሰው ጠርቦት ነው ወይስ እንዲያው ተሰብሮ?»

ጥያቄያቸው ትልቅ ነው። ሰው የጠረበው ባልጩት በጠርዙ ተራ በተራ የተነሡ የትናንሽ ስብርባሪዎች ምልክት አለው። ዕድሜውን በደንብ የሚነግረን ግን የተገኘበት አፈር ነው። በመሶብ የተደረደረ እንጀራ አስቡ። ቀድሞ የተጋገረው ከሥር ነው። አፈርም እንዲሁ ነው፤ የታችኛው ንብርብር ይቀድማል።

ከአሰላ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ሲወረድ የዝዋይ ሐይቅ አለ። ከሐይቁ ማዶ ገደሞታ በሚባለው ቦታ የጥንት ሰዎች ባልጩት እየፈለጡ የጦር ጫፍና መፋቂያ ይሠሩ ነበር። ዕድሜው የታወቀው በላዩ ከተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ከ270 ሺህ ዓመት ይበልጣል። በአዋሽ ዳር ያሉት መልካ ቁንጥሬና ባልጩትም በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

አፈሩ ሲዘባረቅ ምን ይሆናል? በሞሮኮ ጀበል ኢርሁድ በሚባል ቦታ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1961፣ የማዕድን ሠራተኞች የሰው ራስ ቅል አገኙ። ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ በትክክል ስላልታወቀ ዕድሜው 40 ሺህ ዓመት ገደማ ነው ተባለ። ኋላ ያልተነካ አፈር ተገኝቶ ተቆፈረ። በ2017 የታወቀው ዕድሜ ግን ወደ 300 ሺህ ዓመት የሚጠጋ ነው። እውነቱ ከሃምሳ ዓመት በላይ ተሰውሮ ቆየ።

እኚያ አባት ይህን ሰምተው፣ «ብናመለክት ሥራችን ይቆም ይሆን? የልጆቻችን እንጀራ እኮ ነው» አሉ። ጭንቀታቸው ተገቢ ነው። የዕለት ጉርስ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ፈላጭ ጥቂት ክንድ ፈቀቅ ብሎ ሊሠራ ይችላል። የተዘባረቀ አፈር ግን ተመልሶ አይደረደርም።

ሕጉም ይህንኑ ይላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ማዕድን ሲፈልግ፣ ቤት ሲሠራ ወይም መንገድ ሲቆርጥ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና ባለበት እንዲጠብቅ ያዛል።

ስለዚህ የተጠረበ ባልጩት፣ ድንጋይ የሆነ አጥንት ወይም የጥንት ምድጃ ብታገኙ፦

ዲጂኖውን አቁሙ።
ዕቃውን ከቦታው አታንሡ።
ቦታውን በድንጋይ ክበቡ።
ለቀበሌና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ።

ዛሬ መጻፍ ችላችኋልና፣ የተገኘበትን ቀንና ቦታ በደብተራችሁ አስፍሩ። የጥንቶቹ ሰዎች ፊደል አልነበራቸውም። ታሪካቸውን የሚጽፍላቸው ካባው ውስጥ ያለው ሰው ነው።