ከዶርዜ ድር እስከ እኩል ምልክት

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ ጠመዝማዛ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች፤ ዶርዜ ስንደርስ 2,500 ሜትርን አልፈናል። ሙቀቱ ከታች ቀርቶ ጉም ተቀበለን። ግራና ቀኙ እንሰትና ቀርከሃ ነው። ዞር ብሎ ላየ ደግሞ የአባያና የጫሞ ሐይቆች፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው መሬት ወለል ብለው ይታያሉ።

ይህ ሁሉ ውበት እያለ፣ ረጅም ሰዓት አፍዝዞ ያስቀመጠኝ አንድ የሽመና ቤት ነው። ሸማኔው እግሮቻቸውን ጉድጓድ ውስጥ ሰድደው ተቀምጠዋል። አንዱን መርገጫ ሲጫኑ ከድሩ ክሮች አንድ እየተዘለለ ግማሹ ብድግ ይላል፤ በተከፈተው መሃል መወርወሪያው ማጉን ይዞ ሽው ይላል። ሌላውን ሲረግጡ የቀረው ግማሽ ይነሣል። ትምህርት ቤት ተጋማሽና ኢተጋማሽ ብለን የተማርነውን ክፍፍል እዚህ እግር ይሠራዋል። ጥለቱ ላይ ሲደርሱ ክሩን በጣት እየቆጠሩና እየለዩ ቀለማሙን ፈትል ያስገባሉ። ከመሃል ወደ ቀኝ የተቆጠረው ወደ ግራም ልክ ካልተደገመ ጥበቡ ይዛባል።

«ጋሼ፣ ቆጠራውን የጻፉበት ነገር አለ?» አልኳቸው።

«የለም። አባቴ ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው የያዝኩት» አሉኝ።

ስለዚህ ዕውቀቱን የሚያገኘው አጠገባቸው የተቀመጠ ብቻ ነው። የሒሳብ ምልክት ዋጋው የገባኝ እዚያ ነው፤ ምልክት ዕውቀትን አጠገብ ላልነበረ ሰው ያደርሳል።

ቁልቁል ወርደን ከገደሉ ሥር ወደሚፈልቁት፣ ለከተማዋ ስሟን ወደሰጧት ምንጮች ሄድን። በስሟ ውስጥ ያለው አርባ በግእዝ ቁጥር ፵ ነው። ምልክቱ የተወሰደው «ሙ» ከሚባለው የግሪክ ፊደል ነው፤ ግሪኮችም 40ን የሚጽፉት በዚሁ ፊደል ነበር። ፩ ከአልፋ፣ ፪ ከቤታ፣ ፲ ከዮታ መጥተዋል። አክሱም በቀይ ባሕር ከግሪክኛ ተናጋሪው ዓለም ጋር ትነግድ ነበርና፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፎች ላይ እነዚህ ቁጥሮች ይገኛሉ።

የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ነው የተጀመረው። ይህን ዓመት በግእዝ ብንጽፈው ፲፱፻፸፱ ይሆናል፤ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዘጠኝ ብለን እንደምንናገረው ነው። ዜሮ አያስፈልገውም። 1979 ብለን ስንጽፍ ግን የምንጠቀመው ዜሮ የሚያስፈልገውን የሕንድን ስልት ነው። ብራህማጉፕታ በ628 እ.ኤ.አ. የዜሮን ሕግ ጻፈ፤ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አል ኽዋሪዝሚ ባግዳድ ላይ ስለ ሕንድ አቆጣጠር ጻፈ፤ በ1202 ፊቦናቺ ለአውሮፓ ነጋዴዎች አስተዋወቀ።

የመደመርና የመቀነስ ምልክቶችም በኅትመት የታዩት ለነጋዴዎች በተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ ዮሐንስ ቪድማን በ1489 ላይፕዚግ ላይ ያሳተመው። እኩል ምልክትን በ1557 ያወጣው የዌልሱ ሐኪም ሮበርት ሬኮርድ ነው። «እኩል ነው» የሚለውን ደጋግሞ መጻፍ ስለሰለቸው ሁለት ትይዩ መስመሮችን መረጠ፤ ከእነርሱ የበለጠ እኩል የሆነ ነገር እንደሌለም አስረዳ።

ዛሬ በዚህ ከተማ የምንጭን ፍሰት የሚያሰላ ተማሪ በቦዩ የሚሄደውን ውሃ የመስቀለኛ ቁርጥ ስፋት በፍጥነቱ አባዝቶ በሬኮርድ ምልክት ይዘጋዋል። አፉን የፈታው በጋሞኛ ይሁን በአፋርኛ ወይም በአማርኛ፣ ያንኑ መስመር ያነባል። ሊማ ያለ መሐንዲስም ያነበዋል።

የዶርዜ ጥለት ቆጠራም እንዲህ ሊጻፍ ይገባዋል። የትኛው ክር እንደሚነሣና የትኛው እንደሚቀር፣ ከየት ጀምሮ እንደሚደገም በቁጥርና በምልክት ከሰፈረ፣ ሽመና ቤት ያልገባ ልጅም ሊማረው ይችላል። ባለሙያዎቹ ተራራው ላይ፣ ምልክቱን የሚያውቁት ተማሪዎች ከሥሩ አሉ። በመካከላቸው ያለው የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንምና፣ ሥራው ዛሬ ሊጀመር ይችላል።