አሞራ ሲያይ የሚውል ተማሪ

«ውጪ ውጪ አትበል፤ ግባና አጥና!» ይህችን ትእዛዝ ሳይሰማ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። በእኛ ቤት ጥናት ማለት ጠረጴዛ፣ ጨዋታ ማለት ሜዳ ነበር፤ ሁለቱ ከቶ አይገናኙም። የአውሮፕላን ምሕንድስና የሚማረው የእህቴ ልጅም ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ልውጣ ባለ ቁጥር ያው ትእዛዝ ይወርድበታል። እኔ ታዲያ ለእህቴ ዘወትር የማነሣላት አንድ ሰው አለኝ፤ ፖል ማክሪዲ ይባላል።

ማክሪዲ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ የካልቴክ ተማሪ ነበር። የሚያጠናው የአየርን መናወጥ ነው። ትርፍ ጊዜውን ደግሞ ሞተር በሌለው አውሮፕላን፣ በግላይደር፣ ሰማይ ላይ ያሳልፋል። የግላይደር ነዳጁ ሙቅ አየር ነው። ፀሐይ ያጋለችው መሬት አየሩን ሽቅብ ሲልከው፣ አብራሪው ያን የአየር ዓምድ ፈልጎ እየዞረ ከፍ ይላል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ዓምድ ይንሸራተታል። ቄራ አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ረፋድ ላይ ጥንብ አንሳዎቹ ክንፋቸውን ሳያራግቡ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ችግሩ፣ ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው በምን ፍጥነት ይኬድ? ቢፈጥኑ ከፍታ ይከስራሉ፤ ቢዘገዩ ጊዜ። ማክሪዲ ይህን አስልቶ በመለኪያው ዙሪያ የምትዞር ቀለበት አወጣ፤ እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች። በ1948 እና በ1949፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ የአሜሪካ የግላይደር ሻምፒዮን ሆነ። ዶክትሬቱን የያዘው በ1952 ነው። የትኛው ጥናት፣ የትኛው ጨዋታ እንደነበር እንግዲህ እህቴ ትለየው።

ዋናው ጉድ የመጣው ግን በኋላ ነው። ለዘመድ ዋስ ሆኖ የ100,000 ዶላር ያህል ዕዳ ወደቀበት (ዋስ መሆን ምን እንደሚያመጣ ለአገሬ ሰው ማብራራት አያሻም)። በዚያን ጊዜ በሰው ጉልበት ብቻ የስምንት ቁጥር ቅርጽ እየሠራ ለሚበር አውሮፕላን የተመደበ፣ ከ1959 ጀምሮ ወሳጅ ያጣ ሽልማት ነበር፤ መጠኑም 50,000 ፓውንድ ደርሷል። በ1976 ቤተሰቡን ይዞ ለእረፍት በመኪና ሲጓዝ፣ ሰማይ ላይ የሚዞሩ አሞራዎች አየ። እንደ ልማዱ አንድ ዙር ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅባቸው፣ ምን ያህል እንደሚያዘነብሉ ማስላት ጀመረ። በዚያው ሐሳብ መጣለት፤ ክብደቱ ሳይጨምር ክንፉ ቢሰፋ የሚጠይቀው ጉልበት በእጅጉ ይቀንሳል!

የሠራው አውሮፕላን ክንፉ 29 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 32 ኪሎ ያህል ነበር፤ የአሉሚኒየም ቱቦ፣ ስስ ፕላስቲክና ሽቦ። እኔን እጅግ የሚያስደስተኝ አሰባበሩ ነው። የሌሎች ተወዳዳሪዎች ያማሩ አውሮፕላኖች ሲሰበሩ ለወራት ይቆማሉ፤ የእርሱ ግን ወዲያው ተጠግኖ እንደገና ይሞከራል። ነሐሴ 23 ቀን 1977 (እ.ኤ.አ.) ብራያን አለን የተባለ ብስክሌተኛ ፔዳሉን እየመታ ስምንት ቁጥሩን ዞረ፤ በረራው ሰባት ደቂቃ ተኩል ገደማ ፈጀ። ሽልማቱ ተወሰደ። በሁለት ዓመቱም ያው ብስክሌተኛ፣ በተሻሻለው አውሮፕላን፣ ከውኃው ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ከእንግሊዝ ፈረንሳይ ተሻገረ፤ 2 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ያለ ዕረፍት እየመታ።