ሌሊት የሚፈስ ኃይል

ንብረት በጠፋ ጊዜ፥ የጠፋበትን መንገድ ከመመርመር በፊት ጥፋተኛውን መሰየም የብዙ ሰው ልማድ ነው። ጥፋተኛ የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ የሚያንሰው፥ መልስ ለመስጠት አቅም የሌለው ሰው ነው። ይህን ነገር በኦቾሎ መምህር ሆኜ ስኖር ከአንድ የጭነት መኪና ተማርሁ።

ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፥ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል በሚያሳይ ድንጋያማ ተራራ ላይ የሰፈረ አገር ነው። ከተራራው ግርጌ በላንቴ ሜዳ የሚበቅለው ሙዝ በካሚዮን ተጭኖ፥ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። ሙዝ ከተቆረጠ በኋላ ቀጠሮ የማይሰጥ ሸቀጥ ስለሆነ፥ በማለዳ የማይነሣ መኪና ለገበሬውም ለነጋዴውም ኪሳራ ነው።

የጎረቤቴ መኪና ይህን ደዌ ያዘው። ማታ ደኅና ሆኖ የገባው ባትሪ ሲነጋ ሞተሪኖውን ለማዞር አቅም ያጣል፤ ሰዎች ተጠራርተው በቁልቁለቱ እየገፉ ያስነሡታል። ሁለቱም ባትሪዎች በአዲስ ተለወጡ፤ አዲሶቹም ጥቂት ቀን ሳይሰነብቱ እንደ አሮጌዎቹ ሆኑ። በዚህ ጊዜ ጥርጣሬው ሁሉ ካቢና ውስጥ በሚያድረው ወጣት ረዳት ላይ ወደቀ። «ሌሊቱን ሙሉ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ያድራል» ተባለ። «ጋሼ፥ እኔ ማታ ሬዲዮ አልከፈትሁም» እያለ ቢምልም የሚሰማው አልተገኘም። ሊሰናበት የቀረው ጥቂት ቀን ነበር፤ እናቱና ታናናሾቹ ደግሞ የሚኖሩት በእርሱ ደመወዝ ነው።

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ነገር ግን ሒሳብ አስተምራለሁና ክሱን በሒሳብ መመዘን ይቻላል ብዬ አሰብሁ። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሙሉ ሆኖ ካደረ፥ አንድ አምፔር የሚወስድ ሬዲዮ 10 ሰዓት ቢዘፍንበት የሚያጎድለው አንድ አሥረኛውን ብቻ ነው። ሞተር እስከማስነሣት የሚያሰንፍ ጉድለት እንዲደርስ ግን፥ ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚሆን ኃይል ሌሊቱን ሙሉ መፍሰስ አለበት። ይህንንም ለጎረቤቴ ነገርሁት፤ እርሱም ልጁን ከማሰናበቱ በፊት ከአርባ ምንጭ አንድ በዕድሜ የገፉ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስመጣ።

ሽማግሌው እንደ ደረሱ ማንንም አልጠየቁም፤ ማንንም አልወቀሱም። አስቀድመው የሁለቱንም ባትሪ ኃይል ለኩ፤ እያንዳንዱ 12.6 ቮልት ሆኖ ተገኘ፤ ይህም የሙሉ ባትሪ ልክ ነው። «ባትሪው አዲስ ነው፤ ቀንም ይሞላል፤ እንግዲህ ሌሊት የሚወስደውን እንፈልግ» አሉ። ቁልፉን ነቀሉ፤ መብራቱን ሁሉ አጠፉ። ከዚያም የኔጌቲቩን ገመድ ከባትሪው ፈትተው፥ በገመዱና በባትሪው ራስ መካከል ትንሽ አምፖል አገናኙ። ሁሉ ነገር ጠፍቶ ሳለ አምፖሏ ቦግ አለች።

ረዳቱን አጠገባቸው አስቀምጠው «ልጄ፥ ዓይንህን ከአምፖሏ አትንቀል» አሉትና ቫልቮላዎቹን አንድ በአንድ ይነቅሉ ጀመር። የሬዲዮው ተነቀለ፤ አምፖሏ እንደ በራች ናት። የፍሬቻው ተነቀለ፤ የግንባር መብራቱም ተነቀለ፤ አሁንም ትበራለች። በመጨረሻ ከዲናሞው የሚመጣውን ወፍራም ሽቦ በፈቱ ጊዜ፥ አምፖሏ ድርግም አለች።

ዲናሞ ውስጥ ዲዮድ የሚባሉ፥ ኃይልን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ትንንሽ በሮች አሉ። እነርሱ ሲበላሹ፥ ቀን ወደ ባትሪው የገባው ኃይል ሌሊት በዚያው መንገድ ይመለሳል። ቀን ሰጪ የነበረው ሌሊት ወሳጅ ሆኖ ተገኘ፤ ማንም ያልጠረጠረው እርሱን ነበር። ጎረቤቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለና ወደ ወጣቱ ዘወር ብሎ «ልጄ፥ ዲናሞው እንደ ተሠራ አብረን እንሄዳለን» አለው። ልጁም መልስ ሳይሰጥ የተፈቱትን ብሎኖች ይለቅም ጀመር።

የሽማግሌው ሥራ ለኦቾሎ ሰው እንግዳ አልነበረም። ማርክ አቤሌስ የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ሰብእ ሊቅ የኦቾሎን የሸንጎ ሥርዓት አጥንቶ፥ በ1983 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጽሐፍ አሳትሟል። በጋሞ ምድር ዱቡሻ በሚባለው የመሰብሰቢያ ቦታ፥ ነገር በየተራ ይነገራል፤ ይደመጣል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ወጣቶች በቁጣ በተነሡ ጊዜ፥ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የለመኑትም፥ በደል ያልሠራ ሰው የበደለኛውን ዕዳ እንዳይከፍል ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በመሥሪያ ቤት ሰነድ ቢጠፋ ተላላኪው፥ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ቢጎድል ድኻው ተማሪ አስቀድሞ ይጠረጠራል። ሌላውን ሁሉ ሳይመረምሩ በአንዱ ላይ መፍረድ ግን ባትሪን በባትሪ እንደ መለወጥ ነው፤ ወጪው ይደጋገማል፥ ቀዳዳው እንደ ተከፈተ ይኖራል። የተባረረው ሰው እንጀራ ደግሞ እንደ ቫልቮላ በቀላሉ ተመልሶ አይተከልም።