አፈር ብላ!

እኛ አፈርን የምናነሳው ለእርግማን ወይም ለለቅሶ ነው። የተናደድንበትን «አፈር ብላ!» እንለዋለን፤ የሞተብንን ደግሞ «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» ብለን እንሸኘዋለን። መቼም አፈር አፍ ቢኖረው ስንት ይታዘበን ነበር! ሳይንሱ እንደሚለው በዓለም አፈር ውስጥ የተቀበረው ካርቦን፣ በአየሩና በዕፅዋቱ ውስጥ ያለው ተደምሮ እንኳ አይደርስበትም። አፈሩን ስናራቁተው ካርቦኑ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ስንንከባከበው ቀስ እያለ ይመለሳል።

ይህን ሳስብ አዊ ትዝ ይለኛል። ከእንጅባራ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ ዳንግላ ስትጓዙ ግራና ቀኙን የሚሸፍነው ዛፍ፣ ከአውስትራሊያ የመጣውና ገበሬው «ዲከረንስ» የሚለው ግራር ነው። መሬቱ ዝናብ ያጠበው፣ አሲድ የበዛበት ነው። ገበሬው ምን አደረገ? ችግኙን ከጤፉ ጋር ተከለ። በማግስቱ ዓመት ከሥሩ ሣር አጨደ። ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ዛፉን ቆርጦ ከሰል አከሰለና መሬቱን መልሶ አረሰ። የዛፉ ሥር ናይትሮጂንን ከአየር ስቦ አፈሩን ይቀልባል።

«ከሰል ከሆነማ ካርቦኑ ተመልሶ ጨሰ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ግንዱ እኛ ከተሜዎች ቡና ስናፈላ ይጨሳል። አፈር ውስጥ የሚቀረው ሥሩና የረገፈው ቅጠል ነው። ቢሆንም ተክሎ ማክሰልና የተፈጥሮ ደን ጨፍጭፎ ማክሰል አንድ አይደሉም።

አንድ ዛፍ ብቻ ማመን ግን ጣጣ አለው። በቅርብ ዓመታት ዲከረንሱን ዋግ መታውና የብዙ ገበሬ ጥሪት ቆሞ ደረቀ። ለእኔ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ከዲከረንሱ ጎን ብሳናውም፣ ወይራውም፣ ኮሶውም ይኑር። ኮምፖስቱና ኖራውም በጊዜው ይድረስ።

ገንዘቡስ? በወላይታ ሁምቦ ገበሬዎች ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ ከልለው፣ የድሮው ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ አደረጉ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም አቀፉ የካርቦን ንግድ ተመዘገበ፤ ማኅበሮቻቸውም ከካርቦን ሽያጭ ገንዘብ አገኙ። የሁምቦው ግን የጋራ ተራራ ነው። የአዊው ገበሬ ዛፍ የቆመው ልጆቹን በሚቀልብባት ቁራሽ ማሳ ላይ ነው።

እንግዲህ ለዓለም ሙቀት ብሎ ዛፉን ሠላሳ ዓመት እንዲያቆም ከተፈለገ፣ ዓለም የሠላሳ ዓመት ቀለቡን ማሰብ አለበት። ዓለምን ያሞቀው የእሱ ሞፈር አይደለም። «ዛፍህን አትቁረጥ» የሚለው ሁሉ ተስፋ እንዳያስቆርጠው ይጠንቀቅ። አለዚያ ምክራችን በጨዋ ቋንቋ «አፈር ብላ» ከማለት አይለይም።