ወረፋው ከየት መጣ?

በምሳ ሰዓት የልጃችሁን የፈተና ውጤት በስልካችሁ ልታዩ ስትሞክሩ ገጹ አልከፈት ይላችኋል። «ኔትወርኩ ነው» ብላችሁ ትተዉት ይሆናል። ነገር ግን ጥያቄያችንን ተቀብሎ መልስ የሚሰጠው ኮምፒዩተር፣ ሰርቨር የሚባለው ማለት ነው፣ ወረፋ በዝቶበት ሊሆን ይችላል።

የዚህን ወረፋ ጠባይ ለማወቅ ሰሞኑን ልጆቼን ካስተኛሁ በኋላ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንድ ትንሽ ማስመሰያ ሠራሁ። እውነተኛ ጠያቂ የለበትም። ኤክስፖቫሪየት የሚባል ትእዛዝ አለ፤ በሰከንድ በአማካይ 1 ጥያቄ ይምጣ ስለው በጥያቄና በጥያቄ መካከል የሚያልፈውን ጊዜ እንደ ዕጣ እያወጣ ይሰጠኛል።

ታዲያ ጥያቄዎቹ በየሰከንዱ አንድ አንድ እያሉ የሚመጡ እንዳይመስላችሁ። ከ100 ሰከንዶች 37 ያህሉ ባዶ ያልፋሉ፤ በ26ቱ ገደማ ደግሞ ሁለትና ከዚያ በላይ ጥያቄዎች ተደራርበው ይደርሳሉ። ወፍጮ ቤት የምትመላለሱ ታውቁታላችሁ፤ ባለወፍጮው ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ይቆይና አምስት ሴቶች እህላቸውን ይዘው ባንድ ጊዜ ይደርሱበታል። ሥራ ፈትቶ የቆየበትን ጊዜ ለአምስተኛዋ ሴት ሊሰጣት አይችልም። በኮፐንሀገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው ኤርላንግ የስልክ ጥሪዎችም አመጣጣቸው እንዲህ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1909 በሒሳብ አሳይቷል።

ሰርቨራችን በደቂቃ በአማካይ 60 ጥያቄ ይመልሳል እንበል፤ አንዱ ጥያቄ ቶሎ የሚያልቅ፣ ሌላው የሚጓተት ይሁን። በደቂቃ በአማካይ 50 ጥያቄ ሲመጣበት መልስ ለማግኘት በአማካይ 6 ሰከንድ ይፈጃል። 57 ሲመጣ 20 ሰከንድ ይሆናል። 59 ሲመጣስ? አንድ ሙሉ ደቂቃ! ስለዚህ «በቀን ይህን ያህል ሰው እናስተናግዳለን» የሚል ማስታወቂያ እኔን አያጽናናኝም።

የፈተና ውጤት ቀን ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ሰዓቱ ስለተነገረ ሁሉም አብሮ ይመጣል። ለ10 ደቂቃ በደቂቃ 120 ጥያቄ ላክሁበት። 600 ያህሉ ሳይመለሱ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ወደ 50 ብመልሰውም ወረፋው እስኪጠራ አንድ ሰዓት ገደማ ወሰደ። ይህም ትዕግሥቱ አልቆ ደግሞ ደጋግሞ የሚጫነውን ሰው ሳልቆጥር ነው። የሠራተኛዋ እናት የምሳ ሰዓት በዚሁ አለቀ ማለት ነው።

እነዚያኑ 1,200 ጠያቂዎች በመለያ ቁጥራቸው ከፋፍዬ በ24 ደቂቃ ውስጥ ተራ በተራ እንዲመጡ ሳደርግ ግን፣ ሰርቨሩን ሳልለውጥ፣ ጥበቃው 6 ሰከንድ ገደማ ሆነ።