ከማለዳ ቡድን እስከ ቼልሲ፦ የተከላካይዋ ናኦሚ ግርማ መንገድ

እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የለንደኑ ቼልሲ አንዲት ተከላካይ ለማስፈረም 1.1 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በሴቶች እግር ኳስ ሚሊዮን ዶላር የተሻገረ ዝውውር ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በፊት ክብረ ወሰኑ የዛምቢያዊቷ አጥቂ የሬቼል ኩንዳናንጂ ነበር። ከወራት በኋላ ደግሞ አርሰናል ካናዳዊቷን ኦሊቪያ ስሚዝን ሲያስፈርም ክብረ ወሰኑ ተመልሶ ወደ አጥቂዎች ሄደ። በሁለቱ አጥቂዎች መካከል ስሟን ያስገባችው ተከላካይ ናኦሚ ግርማ ናት፤ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ከተማ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በ2000 የተወለደች።

ገንዘቡ ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው ትልልቅ አካዳሚዎችን ነው። የናኦሚ ጅማሬ ግን ሌላ ነው። አባቷ አቶ ግርማ አወቀ ከሌሎች የሳን ሆዜ ኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ቤተሰቡን ሁሉ የሚያሰባስብ የልጆች ቡድን አቋቋሙ፤ ስሙንም ማለዳ አሉት። ያሰቡት ኮከብ ለማፍራት አልነበረም። ልጆቹ እንዲተዋወቁ፣ ወላጆቹም ተገናኝተው የአገራቸውን ወግ እንዲያወጉ ነበር። ናኦሚ ኳስ መምታት የጀመረችው በአምስት ዓመቷ እዚያ ነው። አሜሪካ ውስጥ የታዳጊዎች እግር ኳስ የክለብ ክፍያው፣ ጉዞው፣ ውድድሩ ኪስ ያራቁታል። የስደተኛ ልጅ ከሜዳ የምትቀረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ መሃል ሰፈርተኛው ራሱ ያቆመው ቡድን መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ከማለዳ ወደ ክለብ፣ ከክለብ ወደ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አለፈች። በ2019 ስታንፎርድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ዋንጫ ሲያነሳ የፍፃሜው ጨዋታ ያለ ግብ ተጠናቅቆ በመለያ ምት ነበር የተወሰነው። በ2020 የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። ለተጫዋች ከዚህ የከፋ ጉዳት ጥቂት ነው፤ ብዙዎች እንደ ቀድሞው ሆነው አይመለሱም። እሷ ግን ተመልሳ በ2022 የአሜሪካ ሊግ ምልመላ ላይ ከሁሉም ቀድማ ተመረጠች፤ የወሰዳትም ሳን ዲዬጎ ዌቭ ነው። በመጀመሪያው ዓመቷ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም፣ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይም ተባለች። በ2023 ደግሞ የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የዓመቱ ምርጥ ሴት ተጫዋች አድርጎ መረጣት። ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ተከላካይ ናት።

በዚያው በ2022 የስታንፎርድ ጓደኛዋና ግብ ጠባቂዋ ኬቲ ማየር ሕይወቷ አለፈ። ናኦሚ ሐዘኑን ለብቻዋ ይዛ አልተቀመጠችም። በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ሰሞን ስለ ተጫዋቾች የአእምሮ ጤና በግልጽ እንዲወራ የሚሠራ ዘመቻ አብራ ጀመረች።

የተከላካይ ሥራ ለቁጥር ያስቸግራል። ያገባችው ግብ ተቆጥሮ ይጻፍላታል፤ ያስቀረችው ግብ ግን መዝገብ የለውም። ሆኖም የናኦሚን ዓመታት የሚያሳዩ ጥቂት ቁጥሮች አሉ። በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ አሜሪካ በአራት ጨዋታ የተቆጠረባት አንድ ግብ ብቻ ነው፤ የወጣችውም ከስዊድን ጋር 0 ለ 0 ተለያይታ በመለያ ምት ተሸንፋ ነው። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ደግሞ በስድስት ጨዋታ ሁለት ግብ ብቻ አስተናገደች። ከሩብ ፍፃሜው እስከ ፍፃሜው ጃፓንን፣ ጀርመንንና ብራዚልን ሦስቱንም 1 ለ 0 አሸንፋ ወርቁን ወሰደች። አሰልጣኟ ኤማ ሄይስ ስለ ናኦሚ ሲጠየቁ እስከ ዛሬ ካዩት ተከላካይ ሁሉ እንደምትበልጥ ተናግረዋል።

ምን የተለየ ነገር አላት? ተከላካይ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ተንሸራታ ኳስ የምትነጥቅ ተጫዋች ነው። ናኦሚ መሬት ላይ የምትወድቀው አልፎ አልፎ ነው። ኳሱ ከአጥቂዋ እግር ከመድረሱ በፊት ወዴት እንደሚሄድ ታያለች፤ ሁለት እርምጃ ቀድማ ቦታዋን ትይዝና ታቋርጠዋለች። ከነጠቀችም በኋላ ዝም ብላ አትጠልዘውም። ራሷን ቀና አድርጋ ወደ ፊት ትገፋዋለች፣ ወይም በሁለት ተጫዋቾች መሃል አሾልካ ታቀብላለች። የቡድኗ ማጥቃት የሚጀምረው ከእሷ እግር ነው።

ለንደን ላይም ሁሉም አልቀናትም። ለቼልሲ በተሰለፈችበት የመጀመሪያ ጨዋታ ተጎድታ ወጣች። ቡድኑ ግን በዚያ ዓመት በሊጉ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የእንግሊዝን ሦስት ዋንጫዎች ጠቅልሎ ወሰደ።

በኢትዮጵያም የተከላካይ ውለታ ሳይነገር የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ሉሲዎቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ደቡብ አፍሪካ ላይ በአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ ግማሽ ፍፃሜ ደርሰው ነበር። ለሦስተኛ ደረጃ ከጋና ጋር ሲጫወቱ መረባቸውን ሳያስደፍሩ ጨርሰው የተሸነፉት በመለያ ምት ነው። በ2024ም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን አዲስ አበባ ላይ የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ 1 ለ 0 አሸንፎ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ አነሳ፤ ሞሮኮ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግም ተካፈለ። በአንድ ግብ ልዩነት የተገኘ ዋንጫ ግማሹ የኋላ መስመሩ ነው።

እንዲህ ያሉ ተከላካዮች የሚበቅሉት ግን ከሰፈር ሜዳ ነው። ለምሳሌ ደሴ ውስጥ የሆጤን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ኳስ እንደማያጣ ያውቃል። ሴት ልጅ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሚጠብቃት የቤት ሥራ ብዙ ነው፤ ሜዳ ብትደርስም ቦታው በወንዶች ተይዞ ታገኘዋለች። ማለዳን የመሰለ ነገር ለመጀመር ሚሊዮን ዶላር አያስፈልግም። በሳምንት አንድ ቀን ማንም የማይነጥቀው የሴት ልጆች ሰዓት ይኑር። ወላጆች ከዳር ቆመው ይመልከቱ፤ በየወሩ ደግሞ ከኮምቦልቻ ልጆች ጋር ግጥሚያ ይዘጋጅ፤ ቁልቁል መንገዱ ሩቅ አይደለም። አሰልጣኙም ከኋላ ሆና ጨዋታ ማንበብ የሚሆንላትን ልጅ ግብ እንድታገባለት ብሎ ወደ ፊት አይግፋት፤ እዚያው ተከላካይ አድርጎ ያሳድጋት።